ከጥልቁ የመጣ ድምፅ

ልጆች ሳለን መብራት በጠፋ ቁጥር ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንጫወተው አንድ ጨዋታ ነበረን። ስሙን «የባሕር አውሬ» ብለነዋል። ያደግነው ደሴ ነው፤ ባሕርን በዓይናችን ያላየን የደጋ ልጆች ነበርን። የምናውቀው ቢኖር አያታችን ከመጽሐፈ ሄኖክ እየጠቀሱ የሚነግሩንን፣ በዐዘቅት የሚኖረውን ሌዋታንን ብቻ ነበር። እናም በጨለማው ውስጥ አንዳችን ራስ እንፈጥራለን፤ ሌላችን አፍ እንጨምርለታለን። የጨዋታው ሕግ አንድ ነበር፦ የተሰጠ አይነጠቅም፤ ነገር ግን ለተሰጠው ሁሉ ዋጋ ይከፈልበታል። ወንድሜ ለአውሬው መብራት ሲሰጠው እኔ «እንግዲያውስ ጠላቱም ያየዋል» እላለሁ። እሱም ጥቂት አስቦ «ሲፈልግ የሚያጠፋው ይሁን» ይላል። እንዲህ እያልን ከምሽት ወደ ምሽት አውሬያችን ይለወጥ ነበር፤ ዓይኑ ይሰፋል፣ ክንፉ ይጠፋል፣ ሆዱ ይለጠጣል።

ካደግሁ በኋላ ነው ይህንኑ ጨዋታ ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም የሳይንስ ሰዎች፣ ሳያውቁት ተጫውተውት እንደነበር ያነበብሁት። እነሆ ታሪኩ።

እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም ቢብና መሐንዲሱ ኦቲስ ባርተን በቤርሙዳ ደሴቶች አጠገብ በአንዲት የብረት ድቡልቡል ውስጥ ተቆልፈው ወደ ባሕር ወረዱ። ድቡልቡሏ «ባቲስፌር» ትባላለች። ስፋቷ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ክብደቷ ከሁለት ቶን በላይ ነው። በሯ ከውጭ በብሎን ይታሰራል፤ መስኮቶቿ ውፍረታቸው ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የኳርትዝ መስታወት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ ከጋን የሚለቀቀውን ኦክስጅን በዘንባባ ማራገቢያ እያናፈሱ፣ በአንድ የብረት ገመድ ተንጠልጥለው ይወርዱ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. 923 ሜትር ደረሱ። በዚያ ጥልቀት ውኃው የሚጫነው ከአየራችን ግፊት ዘጠና እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ በፊት ሕያው ሰው በሕይወት ደርሶበት የማያውቅ ስፍራ ነበር።

ከገመዱ ጎን የስልክ ሽቦ ነበረ። ቢብ በመስኮቱ ያየውን ሁሉ ሳያቋርጥ ይናገራል፤ ላይ፣ በመርከቡ ወለል ላይ፣ ግሎሪያ ሆሊስተር የምትባል ተመራማሪ ማዳመጫውን በጆሮዋ አድርጋ ቃል በቃል ትጽፋለች። ቢብ ከወጣ በኋላ ደግሞ ኤልዝ ቦስተልማን የምትባል ሠዓሊ ትጠብቀዋለች። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሥላለች፤ እሱ ያርማል፣ እሷ ታስተካክላለች። በዓይኗ ያላየችው ፍጥረት በዚህ ምልልስ ከብሩሿ ሥር ይወለዳል። ሥዕሎቹም በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትመው ዓለምን አስደነቁ።

ከእነዚህ መካከል በተለይ ሁለቱ ከልቤ አይጠፉም። አንደኛው በ1932 የታየው፣ ርዝመቱ ከሰው ቁመት የማያንስ፣ ጎኑ በፈዘዘ ሰማያዊ መብራት የተደረደረ፣ ከሥሩም ጫፋቸው የሚያበራ ሁለት ክሮች ያንጠለጠለ ዓሣ ነው። ቢብ በላቲን «ያልተነካው» የሚል ስም አወጣለት። ሁለተኛው በጎኑ አምስት የብርሃን መስመር ያለው ክብ ዓሣ ነው፤ ይህንንም በከዋክብት ሰየመው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ልማድ ሳይንሳዊ ስም መስጠት በእጅ ለተያዘ፣ በጠርሙስ ለተቀመጠ ናሙና ነው። ቢብ ግን ስም የሰጠው በመስታወት አሻግሮ ለጥቂት ቅጽበት ላየው ብልጭታ ነበር። የዓሣ ሊቁ ካርል ሀብስ በ1935 ጥርጣሬውን በጽሑፍ ገለጸ፤ ምናልባት የታየው የሚያበራ ሌላ ፍጡር ሆኖ፣ ቢብ ራሱ በጉጉት ፊቱን ሲያስጠጋ ትንፋሹ መስታወቱን አደብዝዞት ይሆናል አለ። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ካሜራ የጫነ መርከብ ወደ ጥልቁ ወርዷል። በዚያ ጨለማ መብራት ያላቸው፣ አፋቸው ከራሳቸው የሚበልጥ፣ በግንባራቸው ማጥመጃ የተሸከሙ እልፍ ፍጥረታት ተገኝተዋል፤ እነዚያ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተያዙም።

ታዲያ ቢብ ዋሽቷልን? እኔ አይመስለኝም። ሥራዬ የባንክ ሥራ ነው፤ ፊርማው ያልተመሳከረ ወረቀት ከእጄ አያልፍም። በመዝገብ ሚዛን ከሄድሁ ግን ጥፋቱ ማየቱ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አየሁ» ማለት ምስክርነት ነው፤ ስም ማውጣት ግን ሒሳቡን መዝጋት ነው። ሦስቱም፣ ተናጋሪው፣ ጸሐፊዋና ሠዓሊዋ፣ በቅንነት እየጨመሩ ሄዱ፤ የጎደለው «እንግዲያውስ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ቢብ ብቻ አይደለም። ወንድሜ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ስምንት ዓመት ሆነው። እሑድ እሑድ ይደውላል። ድምፁ ይሰማል፤ መልኩ አይታይም። ካሜራው ተበላሽቷል ይለኛል፤ ስልኩን ቢቀይርም ካሜራው እንደተበላሸ ነው። «ጋሼ፣ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ» ይላል። እማዬ ጆሮዋ ስለደከመ የሚነግራት እኔ ነኝ። «አንተ ልጅ፣ ከሳ ወይስ ወፈረ?» ስትለኝ «ወፍሯል» እላታለሁ። በሌላ ሳምንት ሰፊ ክፍል እጨምርለታለሁ፤ በሌላው ጥሩ አሠሪ። እሷ ደግሞ ለጎረቤት ስታወራ የራሷን ትጨምርበታለች። ዛሬ በሰፈራችን የሚኖረው ወንድሜ ከራስ እስከ እግሩ መብራት የተደረደረለት ነው፤ ማንም ግን አላየውም።

ባለፈው እሑድ ሲደውል የልጅነታችንን ጨዋታ አስታወስሁት። ሳቀ። «እሺ፣ እኔ ልጀምር፤ ዓይኑ ትልቅ ነው» አለ። እኔም የድሮውን ሕግ አክብሬ «እንግዲያውስ ጨለማው ብዙ ነው ማለት ነው» አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም በቀስታ «አዎ ጋሼ፣ ብዙ ነው» አለኝ።

በዚያ ምሽት እማዬ ስትጠይቀኝ ምንም አልጨመርሁም። «ድምፁን ሰማሁት» ብቻ አልኋት።

ቸር እንሰንብት።