ከአምስት ማሳ ምን ያህል ማወቅ ይቻላል? የአነስተኛ ናሙና ታሪክ



በአገራችን የሰብል ምርት ሲገመት ማሳው ሁሉ አይመዘንም። በዕጣ በተመረጡ ማሳዎች ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ተለክቶ፣ በዚያ ላይ ያለው ሰብል ታጭዶ ይመዘናል። ስለዚህ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ስለ አንድ ቀበሌ በቆሎ ለመናገር የሚሻ ሰው በእጁ ያለው አምስት ልኬት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተገኘ አማካይ ምን ያህል ይታመናል? የዛሬው ንግግሬ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1810 የብዙ ልኬቶች አማካይ ወደ ኖርማል ሥርጭት እንደሚጠጋ አሳይቶ ነበር። ቁም ነገሩ «ብዙ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ልኬቱ ጥቂት ሲሆን የሚዋዥቀው አማካዩ ብቻ አይደለም፤ መደበኛ ልይይቱም ከዚያው ጥቂት ልኬት ስለሚገመት ይዋዥቃል። ዕቃውም ሚዛኑም አብረው ይወዛወዛሉ ማለት ነው።

ይህን ችግር የፈታው እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የተቀጠረው ዊልያም ጎሴት ነው። የገብስን ዘርና ብቅልን ለሚፈትን ሰው መሬትም ወቅትም በገፍ አይገኝምና፣ ሥራው ሁሉ በጥቂት ልኬት ላይ የቆመ ነበር። ጎሴት የ3000 እስረኞችን የቁመትና የጣት ልኬት በካርድ ጽፎ በውዝ ደባለቀ፤ አራት አራት እያደረገም 750 ናሙና አወጣ። ካርዶቹ በስሌት የደረሰበትን ሥርጭት የሚደግፉ ሆነው ተገኙ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ»፣ በሚል የብዕር ስም ወጣ። በኋላ ሮናልድ ፊሸር ዛሬ «የቲ ሥርጭት» የምንለውን መልክ ሰጠው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አምስት ማሳዎች በሄክታር 30፣ 34፣ 38፣ 42 እና 46 ኩንታል ሰጡ እንበል። አማካዩ 38 ነው። የነባሩ ዘር ምርት 32 ከሆነ፣ አዲሱ ዘር በእርግጥ ይበልጣልን? በኖርማል ሥርጭት ማባዣው 1.96 ስለሆነ፣ 95 በመቶ ያስተማምናል የሚባለው ወሰን ከ32.5 እስከ 43.5 ይደርሳል፤ መልሱም «አዎን» ነው። በጎሴት መንገድ ግን ማባዣው 2.78 ነው፤ ወሰኑም ከ30.1 እስከ 45.9 ይሰፋል። መልሱ «ገና አልታወቀም» ይሆናል። በአምስት ልኬት ላይ 1.96ን የሚጠቀም ተመራማሪ ከመቶ 5 ጊዜ እስታለሁ ብሎ 12 ጊዜ ይስታል።

በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ «ማሳዎቹ እንዴት ተመረጡ?» ብዬ የምጠይቀውም ስለዚህ ነው። የቲ ሰንጠረዥ የናሙናን ማነስ ያርማል እንጂ፣ ለመኪና መንገድ የቀረቡትን የሞዴል ገበሬዎች ማሳ ብቻ መርጦ መለካትን አያርምም።

«ገና አልታወቀም» ማለት ለተመራማሪ የሚያሳፍር መልስ አይደለም። ያለጊዜው «አዎን» ካልን ግን ዘሩን በብድር የሚገዛው ገበሬ ነው፤ ዕዳውም የእኛ ሳይሆን የእርሱ ይሆናል።