በርበሬ በረንዳ፦ ሚዛን፣ እንጥሻ እና ዚክር



መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳን በዓይኑ ፈልጎ ያገኘ ሰው የለም። በየትኛውም በኩል ይምጣ፣ ገና ሳይደርስ ጉሮሮው ይከረከራል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ከዚያ ያነጥሳል። ቦታውን የለመዱት እንኳ ያነጥሳሉ። አንዱ ያነጥስና "አልሐምዱ ሊላህ" ይላል። ከጎኑ ጆንያ የሚሰፋው ቀና ሳይል "የርሐሙከላህ" ይለዋል። እሱም "የህዲኩሙላህ" ብሎ መልሶ ወደ ሚዛኑ ይዞራል። ማዶ ያለው ክርስቲያን ጎረቤት ሲያነጥስ ደግሞ "ይማርህ" ይባላል፤ "ያኑርህ" ብሎ ይመልሳል። የርሐሙከላህ ማለት አላህ ይዘንልህ፣ ይማርህ ማለት ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቀኑን ሙሉ አንድ ዱዓእ በሁለት ቋንቋ ሲለዋወጡ ይውላሉ። (ሦስት ጊዜ ለሚያነጥስ ሰው ከዚያ በላይ መልስ እንደማያስፈልገው፣ ጉንፋን እንደያዘው እንደሚቆጠር ዑለሞች ያስተምራሉ። የበርበሬ በረንዳ ሰው ግን ሦስቱን የሚጨርሰው ገና ሱቁን ሲከፍት ነው።)

ይህን ያነሳነው ብዙ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። "ከንጋት እስከ ምሽት ሱቅ ነኝ፤ ደርስ መቀመጥ አልችልም፤ ዲኔን ዱንያ በላችው" ይላሉ። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፤ አናቃልለውም። ዒልም መፈለግ ግዴታ መሆኑም አይካድም። ነገር ግን ከጀርባው አንድ ስህተት ያለ ይመስለናል። ዲን መስጊድ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀን፣ ገበያ ደግሞ ከእርሱ የምንርቅበት ቦታ ተደርጎ ተስሏል። የአገራችን የእስልምና ታሪክ ከዚህ የተለየ ነገር ይነግረናል።

እስቲ ከቃላቱ እንጀምር። ሱቅ፣ ጅምላ፣ ደላላ፣ ሐዋላ፦ አማርኛ እነዚህን ሁሉ ከዐረብኛ ነው የወሰደው። ሚዛንም አል-ሚዛን ተብሎ በሱረቱ ራሕማን ከሰማይ መነሳት ጋር ተያይዞ የተወሳው ያው ቃል ነው። በርበሬና ቡና ሲሸጥ የምንሰማው ፈረሱላም፣ ዛሬ 17 ኪሎ የምንለው፣ ድሮ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የሚሠራበት መለኪያ ነበር፤ መጠኑ ግን ከወደብ ወደብ ይለያይ ነበር። በርበሬው ራሱ እንግዳ ነው። ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ወደ እኛ የመጣው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ነጃሺ የተሰደዱት ሶሓባዎች (ረ.ዐ) ሐበሻ ምድር ላይ ቀይ ወጥ አልቀመሱም ማለት ነው።

ቃላቱን ያመጣቸው ነጋዴ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሙስሊሙ የርስት መሬት ባለቤት እንዳይሆን ተከልክሎ ስለነበር እንጀራው ንግድና ሽመና ሆነ። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሰፈሩ ተለየ፤ ገበያው ግን ሊለይ አልቻለም። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ያለ ሙስሊም ነጋዴ አይንቀሳቀስም ነበር። "ነጋዴ" የሚለው ቃል በየአካባቢው "ሙስሊም" ከማለት ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም።

እነዚያ ነጋዴዎች ታዲያ ምን ሠሩ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ጅማን ጨምሮ የግቤ ነገሥታት ወደ እስልምና ሲገቡ፣ በአገሩ ይመላለሱ የነበሩ የጀበርቲ ነጋዴዎች እጅ ነበረበት። ሰው መጀመሪያ ያያቸው ግብይት ላይ ነው፦ ሲመዝኑ፣ ብድር ሲመልሱ፣ ጭነታቸውን አውርደው ለሶላት ሲሰለፉ። ነጋዴው ሁሉ መልአክ ነበር አንልም፤ በዚያ ዘመን ባሪያ የሚሸጡም ነበሩባቸው፤ ይህንን መደበቅ ታሪክን መበረዝ ነው። ይሁንና ዲኑ ወደ ብዙ ደጆች የገባው በገበያ መንገድ መሆኑ አይካድም።

መርካቶ የዚህ መንገድ አንድ ማረፊያ ናት። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ጣልያን ከተማዋን በዘር ለመክፈል ሲያቅድ፣ "የአገሬው ሰው ገበያ" ብሎ ወደ ምዕራብ አዞረው። መርካቶ የሚለው ስም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ ከዚያው ቀረ። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ስልጤውን፣ ጉራጌውን፣ ሐረሪውን፣ ወሎዬውን፣ የመኑን አንድ ላይ አጎረው። ዛሬ ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ርቀት የሚተያዩትም እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከሌላም አገር የመጣ በርበሬ በረንዳው ላይ ሲራገፍ አንድ ፈተና አብሮ ይራገፋል። ደረቅ በርበሬ ቀላል ነው። ውሃ ቢርከፈከፍበት ይከብዳል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ሲታሸም አይሰባበርም። ከላይ ደረቁን፣ ከሥር እርጥቡን ማድረግ ለሚያውቅበት የደቂቃ ሥራ ነው። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል መኖሩን በከተማችን ደጋግመን ሰምተናል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ጣታቸው እርጥበት እንዳገኘ የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻጩ "ዝናብ መትቶት ነው" አለ። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ እንበል፤ ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም፤ እርጥቡን እህል አትሽጥም አልተባለም። የተጠየቀው ስለ መደበቁ ነው። ቦታውም ሚንበር አጠገብ አልነበረም። አንድ ነቢይ እጁን እህል ውስጥ የሚያስገባበት ዲን፣ ከጆንያ ጋር ጉዳይ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

የዘመኑ ሳይንስ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሮልናል። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ከጉበት ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው፤ በምግብ ማብሰያ እሳትም በቀላሉ አይጠፋም። ከሥር የተደበቀው እርጥበት ለወራት በየቤቱ ድስት ውስጥ ይዞራል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲመዝኑ ለሚያጎድሉ በወየውላቸው መጀመሯን እናስታውስ። የጎደለው ጥቂት ኪሎ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ልብስ ነውሩን ሳይነግር ሸጦት ገዢው በጠፋ ጊዜ፣ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳወጡት ይተረካል። ፊቅሁን የምንማርላቸው ሰው ከሱቅ አልሸሹም፤ ሱቃቸው ውስጥ ሆነው ፈረዱበት እንጂ።

በረንዳው ላይ ስማቸው የማይነሳ ሌሎችም አሉ። በርበሬ ቀንጣሾቹ እናቶችና እህቶች ናቸው። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው፣ እጃቸው እየተቃጠለ፣ ግንዱን ከዛላው ሲለዩ ይውላሉ። ጣታቸው ሲሠራ ከንፈራቸውም ይሠራል፤ ሱብሐነላህ የሚሉትን በመቁጠሪያ ሳይሆን በዛላ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። በዚያ እጅ ዓይን መንካት አይቻልም። ዉዱእ ለማድረግም መጀመሪያ እጅ በደንብ መታጠብ አለበት፤ የረሳች ፊቷን ስታብስ ታስታውሰዋለች! እነዚህን እናቶች ደርስ ላይ አናያቸውም። ቀን ሲመሽ የሚከፈላቸው ክፍያ ላይ የሚከራከሯቸውን ነጋዴዎች ግን የመጀመሪያው ሶፍ ላይ እናያቸዋለን። የሠራተኛ ክፍያ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጥ የተባለው ለማን ይሆን?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን በመንግሥት ዘንድ ይታወቁ የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ ኢድ በአገሪቱ ካላንደር ላይ አልነበረም፤ ነጋዴው ግን በራሱ ሱቁን ዘግቶ ያከብረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረጋቸው። ዛሬ የዒድ ዋዜማ በርበሬ በረንዳ መቆሚያ የለውም።

በተራ ቀን ዐስር ሲደርስ የአንዋር አዛን በመኪናው ጡሩምባ መሐል ይሰማል። አንዱ ጆንያው ላይ ሸራ ይጥላል፤ ጎረቤቱን "አንተ፣ አደራ" ይለዋል። ጎረቤቱ ስሙ ክርስቲያን ነው፤ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃል። ገዢ ቢመጣ የሸራውን ጫፍ ገልጦ እጁን እስከ ሥር ያስገባል፣ "ደረቅ ነው፣ እየው" ይላል፤ ከዚያም ያነጥሳል።