የመከላከያ ሠራዊት ሕዝባዊ ግንኙነት በማኅበራዊ ሚዲያ (ቦሌ፣ አዲስ አበባ)

የኢፌዴሪ መከላከያ ሠራዊት ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውን ድጋፍ በፌስቡክና በመሰል መድረኮች የሚያስተዋውቅበት ሥራና ሕዝቡ ለዚያ የሚሰጠው ምላሽ። ወታደሮች ሰብል ሲያጭዱ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ ደም ሲለግሱ የሚያሳዩ ምስሎች ይበዙበታል።

በቦሌ የሚጠቀሰው ትልቅ አጋጣሚ የሚሊኒየም አዳራሹ ሽኝት ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 የተገደሉት ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጀኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረታ የወጡት ሜጀር ጀኔራል ገዛኢ አበራ ሰኔ 18 በዚህ አዳራሽ ሲሸኙ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን ታዩ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ስለነበር ያ ሐዘን በማኅበራዊ ሚዲያ ወዲያው አልተዛመተም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሠራዊቱ ሰሜን ዕዝ በትግራይ ሲጠቃ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከጥቃቱ በፊት ወታደሮቹ የትግራይን ገበሬ በአዝመራና በአንበጣ መከላከል ያግዙ እንደነበር መንግሥት ደጋግሞ ተናገረ፤ ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪም ደም በመለገስና ገንዘብ በማዋጣት ከሠራዊቱ ጎን ቆመ። ጥቃቱን ተከትሎ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ለደረሰው በደል ሠራዊቱን የሚከስሱ ድምፆችም በማኅበራዊ ሚዲያ በረቱ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘጋ። ቦሌ ላይ የሚታየው ምስል ለብዙው የባሕር ዳርና የጎንደር ነዋሪ አይደርስም ነበር፤ መልስም ሊሰጥበት አይችልም ነበር። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚሰበሰብ የ«ላይክ» ብዛት የአገሪቱን ስሜት አይለካም ነበር። የሠራዊቱን ሥራ በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ያዛል።