ማዮና የቤት ካሴት፦ የተፈናቃዮች ድምፅ ከካሴት ክር ወደ ዲጂታል መዝገብ

በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ማዮ ስሙ በዐረብኛ የሜይ ወር መጠሪያ ነው። ሰፈሩን ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የሰጠው ግን ስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቀሰቀሰው ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡብና ከኑባ ተራሮች፣ የ1984 እና የ1985 ድርቅ ደግሞ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን ያፈናቀሉት ሕዝብ እዚያ ሰፈረ። በዚህ ምክንያት ማዮ ዲንካ፣ የኑባ ቋንቋዎች፣ ፉርና ሌሎችም በአንድ መንደር የሚሰሙበት ስፍራ ሆነ።

ይህን የቋንቋ ሀብት መንግሥታዊ ተቋማት በሚገባው መጠን አልመዘገቡትም። በ1940 የተቋቋመው የኦምዱርማን ሬዲዮ በዋናነት የዐረብኛ ሬዲዮ ነበር። ክፍተቱን የሸፈነው ፊሊፕስ በ1963 ለገበያ ያቀረበው ካሴት ነው። ካሴት ርካሽ ነው፤ በባትሪ ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አድማጩ ራሱ እንዲቀዳ ያስችለዋል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ አንጄላ ኢምፔይ እንዳሳየችው፣ ዲንካዎች በጦርነቱ ዘመን በግል የደረሷቸውን መዝሙሮች በካሴት እየቀዱ እንደ ደብዳቤ ይላላኩ ነበር። ከከብት በረት የተነሣ ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከዘመድ ይደርስ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካሴት ከመዝናኛነት ባሻገር የትውልድ ሐረግ፣ የክስና የዕርቅ፣ የቋንቋም ሰነድ ነው።

የካሴቱን ታሪካዊ ሚና የኢትዮጵያ ተሞክሮም ያጎላዋል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ ሲያዳክም፣ የሸክላ ኅትመትም እየቆመ ሲሄድ፣ ዘፈን በካሴት ወደየቤቱ ገባ። በሱዳንም ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ መሐመድ ዋርዲን የመሳሰሉ ድምፃውያን ተሰደዱ፤ ዋርዲ በስደት ዘመኑ በአዲስ አበባ ያቀረበው ኮንሰርት በቪዲዮ ተቀርጾ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ በ2018 የሱዳንን የቀድሞ ሙዚቃ አሰባስቦ ሲያወጣ፣ ፍለጋው ከሱዳን ውጭ ኢትዮጵያንና ጅቡቲን ጭምር አዳርሷል። ያለ ፈቃድ የተባዛ ካሴት የአርቲስቱን ገቢ እንደጎዳ አይካድም፤ ሥራውን ከጥፋት ያተረፈውም ግን ያው መባዛቱ ነው።

በማዮ ቤቶች የተቀዳው የግል ድምፅ ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ አልገጠመውም፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነውና። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ ስትሆን ብዙ ቤተሰብ ወደ ደቡብ ተመለሰ፤ ጓዙም ተበተነ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ካርቱምን የውጊያ ሜዳ አደረጋት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 10 ቀን በማዮ አካባቢ ገበያ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ40 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በኦምዱርማን የሚገኘው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃም እስከ ማርች 2024 በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ነበር። የቤቱም ሆነ የመንግሥቱ ክምችት በአንድ ጊዜ ለአደጋ ተጋለጠ ማለት ነው።

ጦርነት ባይኖርም ጊዜ ራሱ ይሠራል። ሙቀት፣ አቧራና ሻጋታ ክሩን ይጎዳሉ፤ ማጫወቻና መለዋወጫም ከገበያ እየጠፋ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 ባስጀመሩት የማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት 2025ን እንደ ማብቂያ ዘመን የጠቆሙት ስለዚህ ነው።

ሥራው ግን ከአቅም በላይ አይደለም። ድምፅ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርትዝ ሳይጨመቅ ሲገለበጥ፣ በስቴሪዮ አንድ ሰዓት 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ 500 ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ቴራባይት አካባቢ ይጠቃለላል። የቪኤችኤስ ምስል በዲቪ ቅርጽ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። የተጨመቀው ኤምፒ3 ለማድመጥ እንጂ ለመዝገብ አይበቃም። የገለበጠ ሰው ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይይዛል፤ አንዱን ከቤቱ ርቆ ያስቀምጣል። ካርቱም ያስተማረችው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ከተማ ያሉ ሦስት ዲስኮች በአንድ ሌሊት ሊጠፉ ይችላሉ።

ከማሽኑ ይልቅ የሚያስቸግረው መግለጫው ነው። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋና ቀበልኛ እንደዘፈነ፣ ስለ የትኛው በሬና ስለ የትኛው ጠብ እንደተናገረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በካይሮ፣ በጁባና በስደተኞች ሰፈሮች ተበትነዋል። መግለጫ የሌለው ፋይል ድምፅ እንጂ ሰነድ አይሆንም። በካሴት የተላከ የግል መልእክትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ ሊከፈት አይገባም። ስለዚህ የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ወሳኝ ነው፤ ክሩ የቀረው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ የሽማግሌዎቹ ጊዜ ከዚያ ያጥራል። አንድ ሰው ካሴቱን ሲገለብጥ ሌላው ከአዛውንቱ አጠገብ ተቀምጦ ሊጽፍ ይገባዋል።