ስለ ቁንጫ ቀለምና ስለ ንግሥቲቱ ጠጉር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዛሬው ዘመን የልብስ ነጋዴዎች በየወቅቱ አዲስ ቀለም ያወጣሉ። የክረምቱ ቀለም ይህ ነው፣ የበጋው ይህ ነው እያሉ ያውጃሉ፤ በቀይ ምንጣፍ ላይ የምታልፈው የሲኒማ ተዋናይ የጠጉርዋ አሠራርም በማግስቱ በየአገሩ ጠጉር ቤት ይጠየቃል። ይህ ነገር ትናንት የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ሥሩን እየተከተለ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ከፈረንሣይ ቤተ መንግሥት ይደርሳል፤ በዚያም የሚያስቅም የሚያሳዝንም ታሪክ ያገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በዚያ ዘመን በሊዮን ከተማ ብዙ ሺህ ሰው በሐር ሥራ ይተዳደር ነበር። የሊዮን ባለእጆች ሥራቸውን የሌላ አገር ሸማኔ እየቀዳ ስላስቸገራቸው አንድ ብልሃት አወጡ፤ ይኸውም የጨርቁን ጥለት በየዓመቱ መለወጥ ነው። ቀጂው ያምናውን ጥለት ሠርቶ ገበያ ሲያወጣ፣ ፓሪስ ያንን ትታ ወደ ሌላ ተሻግራ ትገኛለች። ልብስ ሳያልቅና ሳይቀደድ አረጀ መባል የጀመረው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። የቬርሳይ ቤተ መንግሥትም ለየወቅቱ የተወሰነ ጨርቅ ነበረው፤ በክረምት ከፈይ፣ በበጋ ታፍታ የሚባለው ስስ ሐር ይለበሳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ያላወለቀ ሰው፣ ልብሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ሥርዓት እንደማያውቅ ይቈጠር ነበር።

ማሪ አንቷኔት የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ልጅ ናት። በ1770 ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ለፈረንሣይ አልጋ ወራሽ ተዳረች፤ በ1774 ባልዋ ሉዊ 16ኛ ተብሎ ሲነግሥ እርስዋም በ18 ዓመትዋ ንግሥት ሆነች። አገሩ ባዕድ፣ ሥርዓቱ ከባድ፣ ባልዋም ዝምተኛ ነበረና ልብዋን በጌጥ ላይ ጣለች። ሁለት ሰዎችም ረዱዋት። አንደኛዋ ሮዝ ቤርታን የተባለች የፓሪስ ባለሱቅ ናት፤ ከተራ ቤተ ሰብ ተወልዳ ሳለ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከንግሥቲቱ እልፍኝ ትገባ ስለ ነበር መኳንንቱ በቅናት የሞድ ሚኒስትር የሚል ስም አወጡላት። ሁለተኛው ጠጉር ሠሪው ሌዎናር ነው።

እነዚህ ሰዎች ፑፍ የሚባለውን የጠጉር አሠራር ከፍ አደረጉት፤ ከፍ አደረጉት ማለቴም በቃሉ ትርጕም ነው። በሴቲቱ ራስ ላይ በሽቦና በስስ ጨርቅ ግንብ ይቆማል፤ የራስዋ ጠጉር ስለማይበቃ የሰው ጠጉርና የፈረስ ጭራ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በስብ ይቀባና ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። ቅባቱስ ባልከፋ፤ በእኛም አገር ጠጉር ቅቤ ይቀባል። የሚያስደንቀው ከግንቡ ላይ የሚቀመጠው ነገር ነው። በ1774 ንጉሡ የፈንጣጣ ክትባት ተከትቦ በደኅና ስለ ወጣ፣ ወይዛዝርቱ እባብ የተጠመጠመበት ወይራ፣ ቆመጥና የምትወጣ ፀሐይ በራሳቸው ላይ አሠርተው ዞሩ፤ እባቡ ሕክምናን፣ ቆመጡ ብርታትን፣ ፀሐይዋም ንጉሡን ያመለክቱ ነበር። በ1778 ቤል ፑል የተባለችው የፈረንሣይ የጦር መርከብ ከእንግሊዞች ጋር ስትዋጋ ደግሞ መርከቢቱ ከነምሰሶዋና ከነሸራዋ በሴቶች ራስ ላይ ተሳፈረች። በሠረገላ የምትሄድ ወይዘሮ ጣሪያው ስለሚነካባት ከወለሉ ላይ ተንበርክካ ትሄድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ለመንበርከክ ጕልበቴን ያመኛል የምትል ሴት ለጠጉርዋ ስትል አንድ ሰዓት ሙሉ መንበርከክ አላቃታትም።

እናትየዋ ማርያ ቴሬዛ ይህን ሰምታ በመጋቢት 1775 ከቪየና ደብዳቤ ጻፈችላት። የጠጉርሽ ቁመት ከነላባው 36 ጣት ሆኗል ሲሉ ሰማሁ፤ ሞድን በመጠኑ መከተል ይገባል እንጂ ማብዛት አይገባም፤ ቈንጆና ወጣት ንግሥት እንዲህ ያለ ቅብጠት አያስፈልጋትም ብላ መከረቻት። ልጅቱ በመልስዋ ስለ ጌጥ ጥቂት እንደምትጨነቅ አልካደችም፤ ነገር ግን ላባውን ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ እኔ ሳላደርግ ብቀር ያስገርማል አለች። ይህን መልስ አንባቢ ልብ ብሎ እንዲመለከተው እለምናለሁ። ሁሉም እርስዋን አይቶ ያደርጋል፤ እርስዋ ደግሞ ሁሉም ያደርገዋልና አደርጋለሁ ትላለች። እንግዲህ አዛዡ ማን ነው? መሪው ተመሪውን፣ ተመሪውም መሪውን እየተመለከተ ሁለቱም የማያውቁት ጌታ ባሮች ሆነው ነበር።

ያ 1775 የሚባለው ዓመት በቅርብ ሊመረመር የሚገባው ነው። ባለፈው ዓመት መከሩ ከፍቶ ነበር፤ ሚኒስትሩ ቱርጎም የእህል ንግድ ነፃ እንዲሆን አዋጅ አውጥቶ ስለ ነበር ዋጋው ሰማይ ወጣ። በፓሪስ ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝነው የሕዝብ ዳቦ ከ8 ወይም ከ9 ሱ ተነሥቶ ከ13 ሱ በላይ ሆነ፤ የቀን ሠራተኛ ደሞዝ ግን ከ20 እስከ 30 ሱ ብቻ ነበር። በሚያዝያና በግንቦት ሕዝቡ በየገበያው ተነሣ፤ ይህም በታሪክ የዱቄት ጦርነት ይባላል። ሁከቱ እስከ ቬርሳይ ደረሰ። መንግሥቱም ለማስፈራሪያ ሁለት ሰዎችን ግንቦት 11 ቀን በፓሪስ አደባባይ ሰቀለ። አንደኛው የ28 ዓመት ሰው ነበር፤ ሥራውም የሰው ሠራሽ ጠጉር መሥራት ነው። ሁለተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱም የወይዛዝርቱን ፑፍ የሚሸፍነውን ዓይነት ስስ ጨርቅ የሚሠራ ሠራተኛ ነበር። የጌጥ እጅ የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ስለ ዳቦ በተነሣ ሁከት ተሰቀሉ፤ በጠጉር ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ዱቄት ደግሞ በአብዛኛው ከስንዴ ስታርች የሚወጣ ነበር።

ይህ ከሆነ ጥቂት ወራት እንኳ አላለፈም። በዚያው በጋ ንግሥቲቱ መልኩ ወደ ቡናማ የሚያደላ የታፍታ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ንጉሡ አይቶ፣ ይህስ የቁንጫ ቀለም ነው ብሎ ቀለደ። ነገሩ በቀልድ የሚቀር ይመስላል፤ ነገር ግን በማግስቱ የቤተ መንግሥቱ ሴት ሁሉ ያን ቀለም ፈለገ። ፓሪስ ተከተለች፤ ከፓሪስም ወደ የአውራጃው ሄደ። ቀለም ነካሪዎቹ ፍላጎቱን ለማርካት ብዙ ዓይነት አወጡ፤ የአሮጊት ቁንጫ፣ የወጣት ቁንጫ፣ የቁንጫ ሆድ፣ የቁንጫ ጀርባ፣ የቁንጫ ጭን እያሉ ይሸጡ ነበር። በአልጋዋ ላይ አንዲት ቁንጫ ብታገኝ ገረድዋን የምታባርር ወይዘሮ የቁንጫን ጭን ለመምሰል ገንዘብዋን ከፈለች።

መከር ሲገባ ደግሞ ሌላ ቀለም መጣ። ነጣ ያለና አመድማ የሆነ የሐር ጨርቅ ለንግሥቲቱ ሲቀርብላት የንጉሡ ወንድም፣ ይህ የንግሥቲቱን ጠጉር ይመስላል አለ። ወዲያው የቁንጫ ቀለም ተጣለ፤ በበጋ የተገዛው ሁሉ በየሣጥኑ ቀረ። ከንግሥቲቱ ጠጉር ዘለላ ተቈርጦ ቀለሙን በትክክል እንዲያወጡት ወደ ጎብላን ነካሪዎችና ወደ ሊዮን ሸማኔዎች ተላከ። አንድ ወቅት በአንድ ቀልድ፣ ሌላው ወቅት በአንድ ዘለላ ጠጉር ተወሰነ ማለት ነው።

ማዳም ካምፓን የምትባለው የንግሥቲቱ የእልፍኝ አገልጋይ በማስታወሻዋ እንደ ጻፈችው፣ ወጣት ሴቶች ሁሉ ንግሥቲቱን ለመምሰል ሲሉ ዕዳ ገቡ፤ እናቶችና ባሎች አጕረመረሙ፤ በየቤቱ ጠብ ተነሣ፤ ንግሥቲቱ የፈረንሣይን ሴቶች ሁሉ ታደኸያለች የሚል ወሬም ተነዛ። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ንግሥቲቱ ማንንም ግዢ ብላ አላዘዘችም። በፈቃዱ የተበደረው ሰው ዕዳው ሲጫነው የረገመው ግን የራሱን ምኞት ሳይሆን እርስዋን ነው።

ለእውነት ስንል ይህን ደግሞ እንጨምር። ዳቦ ከሌላቸው ኬክ ይብሉ አለች እየተባለ የሚነገረው ሐሰት ነው፤ ሩሶ እንዲህ ያለውን ቃል ስም ስለማይጠራት አንዲት ልዕልት የጻፈው ማሪ አንቷኔት ገና በኦስትሪያ ሕፃን ሳለች ነው። አገሩን ያከሰረውም ቀሚስዋ አይደለም። ለልብስዋ በዓመት የተመደበው 120 ሺህ ሊቭር ነበር፤ እርስዋ ግን በ1785 258 ሺህ ሊቭር አወጣች። ይህ አባካኝነት ነው፤ እኔም አልሸፍነውም። ነገር ግን በ1788 የመንግሥቱ ጠቅላላ ወጪ ወደ 629 ሚሊዮን ሊቭር ነበር። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ለዕዳ የሚከፈል ነው፤ ዕዳውም ከጦርነት፣ ይልቁንም አሜሪካኖችን ለመርዳት ከተደረገው ጦርነት የመጣ ነው። ለቤተ መንግሥቱ በሙሉ የወጣው ከመቶ 6 እጅ ያህል ሲሆን፣ የንግሥቲቱ ልብስ ከሁለት ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ዳሩ ግን የዕዳውን መዝገብ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ የንግሥቲቱን ጠጉር ያላየ ወይም ያልሰማ አልነበረም። በ1787 ሕዝቡ ማዳም ኪሣራ ብሎ ጠራት።

ይህም እርስዋ ወደ ቀላል ልብስ ከተመለሰች በኋላ ነው። በ1781 ወንድ ልጅ ከወለደች በኋላ ጠጉርዋ ስለ ተነቀለ ሌዎናር አሳጥሮ ቈረጠላት፤ ግንቡም ወደቀ፤ ሴቶቹ ሁሉ ደግሞ ጠጉራቸውን አሳጠሩ። በ1783 ቪዤ ለብረን የተባለችው ሠዓሊ ንግሥቲቱን ነጭ ሙስሊን ለብሳና የገለባ ባርኔጣ ደፍታ ሥላ በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀለችው። ተመልካቹ ሁሉ ተቈጣ። የውስጥ ልብስ ለብሳ እንዴት ትሣላለች ያለ አለ፤ የሊዮንን ሐር ትታ ባለእጆቻችንን በረሃብ ልትፈጅ ነው ያለም አለ። ሥዕሉ ወርዶ በምትኩ ሐር ለብሳ የተሣለችበት ተሰቀለ። ሐር ብትለብስ አባካኝ፣ ጥጥ ብትለብስ የአገር ጠላት ተባለች፤ ራቁትዋን እንዳትሄድ ብቻ ቀርቷት ነበር። በ1785 ደግሞ አንዲት አታላይ ሴት የንግሥቲቱን ፊርማ አስመስላ አስጽፋ፣ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ሊቭር የሚያወጣ የአልማዝ ሐብል ካርዲናል ሮሃን በንግሥቲቱ ስም እንዲገዛ አደረገች። ንግሥቲቱ ያን ሐብል ቀድሞ አልፈልግም ያለች ናት፤ ነገሩንም አታውቅም ነበር። ሕዝቡ ግን አላመናትም። ለዐሥር ዓመት በጌጥዋ የሚያውቃት ሰው በአንደበትዋ ስትናገር እንዴት ይመናት?

በእንግሊዝ አገር የዱቄቱ ነገር በሌላ መንገድ አለቀ። በ1795 እህል ሲወደድ ሚኒስትሩ ፒት ጠጉሩን ዱቄት ለሚነሰንስ ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊኒ ግብር ጣለበት፤ ብዙዎችም ግብሩን ከመክፈል ጠጉራቸውን እንደ ተፈጠረ መተው መረጡ። የዘመናት ልማድ በአንድ ጊኒ ቀረ።

የፈረንሣዩ ፍጻሜ ይታወቃል። በ1789 መጀመሪያ ያ ዳቦ 14 ሱ ተኩል ደረሰ፤ አብዮቱም ተነሣ። በጥር 1793 ንጉሡ ሲገደል እስረኛዪቱ የኀዘን ልብስ እንዲሰጣት ለመነች፤ ጥቍሩን ልብስ ካቀረቡትም አንዱ የሮዝ ቤርታን ቤት ነበር። ጥቅምት 16 ቀን እርስዋ ራስዋ ለሞት ስትወሰድ ግን የባልዋን ኀዘን ጥቍር ልብስ እንዳትለብስ ተከለከለች፤ ነጭ ለበሰች። ነጭም በጥንት የፈረንሣይ ንግሥቶች ኀዘን መሆኑን ከከልካዮቹ ያሰበ አልነበረም መሰለኝ። ጠጉርዋን ገዳዩ ቈረጠው። ሠዓሊው ዳቪድ በጋሪ ስታልፍ አይቶ በጥቂት መሥመር ነደፋት፤ በዚያ ሥዕል ከቆብዋ ሥር የወጣው የተቈረጠ ጠጉር ይታያል።

በፓሪስ በብሔራዊው መዝገብ ቤት በ1782 የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ዛሬም ይገኛል። በገጾቹ ላይ የንግሥቲቱ ቀሚሶች የተሠሩባቸው ጨርቆች ቍራጭ ተለጥፏል፤ በየቍራጩም አጠገብ የልብሱ ዓይነትና የሰፊዋ ስም ተጽፏል። ማዳም ካምፓን እንደምትናገረው፣ ንግሥቲቱ ጧት ስትነቃ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከነስፒል መያዣው ያቀርቡላትና፣ ለዕለቱ የመረጠችውን ልብስ ቍራጭ በስፒል ትወጋ ነበር።