የጠጉር ምስክርነት

በሕፃን ላይ የደረሰውን ጉዳት ከወላጁ ስካር ጋር አያይዞ መመርመር በዛሬው ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ የሚከለክለው የመጀመሪያው ሕግ በ1889 ዓ.ም. ታወጀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም ወዲህ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ማኅበር ተቆጣጣሪዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያዩትን ይመዘግቡ ነበር፤ በመዝገባቸውም ውስጥ መጠጥ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይገኛል። የዚያ ዘመን መርማሪ ከዐይኑ፥ ከአፍንጫውና ከጎረቤት ወሬ በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበረውም።

በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ልማደኛ ሰካራሞችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ መሠረት በመጠጥ ምክንያት ጥፋት የሠራ ልማደኛ ሰካራም እስከ 3 ዓመት ድረስ በማረሚያ ቤት ተዘግቶ እንዲቆይ ሊፈረድበት ይችል ነበር። ሕጉ የወጣው ለወንድም ለሴትም ሲሆን ወደ ማረሚያው የገቡት አብዛኞቹ ሴቶች ሆኑ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ቸል ብለዋል ተብለው የተከሰሱ እናቶች ነበሩ። አባትየውስ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን መልስ የሚሰጠው አያገኝም።

ዊልያም ሱሊቫን የተባለ ሐኪም በሊቨርፑል ወህኒ ቤት የታሰሩ 120 ሰካራም እናቶች የወለዷቸውን 600 ልጆች ቈጥሮ፥ ከግማሽ የሚበልጡት ሞተው የተወለዱ ወይም 2 ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ መሆናቸውን በ1899 ዓ.ም. አስታወቀ። ከነዚሁ ሴቶች ዘመዶች መካከል ከስካር የራቁትን እናቶች ልጆች ሲቈጥር ግን የሞቱት ከ4ቱ 1 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የወላጅ ስካር ለልጅ አደጋ ነው የሚለው አነጋገር ተራ ሐሜት አይደለም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንዲት እናት ጠጪ መሆኗ በምን ይታወቃል፥ ከታወቀስ በኋላ ዕውቀቱ ለምን ሥራ ይውላል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሐኪሞች ሰውየውን ራሱን መጠየቅ መረጡ። በሰሜን ካሮላይና ያስተምር የነበረው ጆን ዩዊንግ በ1984 ዓ.ም. ያሳተማቸው 4 አጫጭር ጥያቄዎች እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። ሰውየው መጠጥ ለመቀነስ አስቦ ያውቅ እንደ ሆነ፥ ሰዎች በመጠጡ ሲነቅፉት ይበሳጭ እንደ ሆነ፥ ጸጸት ይሰማው እንደ ሆነ፥ ጧትም ገና እንደ ተነሣ ሰውነቱን ለማረጋጋት ይጠጣ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ የተዘጋጁት ለሐኪም ነው፤ ታማሚም እውነቱን የሚናገረው እውነቱ የሚያድነው ሲመስለው ነው። ያው ጥያቄ ልጅን ለመውሰድ ሥልጣን ካለው ሰው አፍ ሲወጣ ግን መልሱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንደበት አልታመን ሲል ሽንቱ፥ ደሙ፥ ጠጉሩም ይመስክር ተባለ።

በ1985 ዓ.ም. አይራ ቻስኖፍ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም ኮካይን የወሰዱ 23 ነፍሰ ጡር ሴቶችን የሚመለከት ጥናት አወጣ። ጥናቱ ትንሽ ነበረ፤ ጋዜጦች ያነሡት ጩኸት ግን ትልቅ ሆነና፥ ከነዚህ እናቶች የሚወለድ ሕፃን አእምሮው የተበላሸ፥ ዕድሜውን ሙሉ የአገር ሸክም የሚሆን ነው የሚል ወሬ ተሠራጨ። በዚሁ ድንጋጤ በ1989 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና በቻርልስተን ከተማ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተማክሮ፥ ሊወልዱ የመጡትን የተመረጡ ሴቶች ሽንት ለሕክምና ብቻ እየመሰላቸው መርምሮ ውጤቱን ለፖሊስ ማስተላለፍ ጀመረ። 30 ሴቶች ተያዙ፤ ከነርሱም 29ኙ ጥቁሮች ነበሩ። ነገሩ እየተንከባለለ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በመጋቢት 2001 ዓ.ም. 6 ዳኞች በ3 ላይ በልጠው፥ ያለ ታማሚዋ ፈቃድ ለወንጀል ክስ ተብሎ የሚደረግ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለው ፈረዱ።

ራሱ ቻስኖፍ ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ያገኘው ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። 715 ነፍሰ ጡሮች ተመርምረው በሽንታቸው አደንዛዥ ዕፅ ወይም አልኮል የተገኘባቸው ነጮችና ጥቁሮች ቍጥራቸው በመቶኛ ተቀራራቢ ነበረ፤ ለባለ ሥልጣን የተነገረባቸው ግን ጥቁሮቹ ከነጮቹ 10 እጥፍ ያህል ነበሩ። የፊላዴልፊያዋ ሐኪም ሃላም ኸርትም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ተከታትላ፥ በአእምሯቸው ዕድገት ላይ ከኮካይኑ ይልቅ የባሰው ድህነት መሆኑን አገኘች። ጋዜጦቹ ይህን እንደ ፊተኛው አልጮኹለትም።

ከሁሉ የከፋው ግን በካናዳ የሆነው ነው። በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ በ1985 ዓ.ም. ማዘሪስክ የተባለ ክፍል ተቋቋመ። መጀመሪያ ሥራው የተመሰገነ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮች የትኛው መድኃኒት ፅንሳቸውን እንደሚጎዳ በስልክ ሲጠይቁ ይመክራቸው ነበር። ኋላ ግን የዚሁ ክፍል ላቦራቶሪ ጠጉር መመርመር ያዘ። የሰው ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፥ 12 ሳንቲ ሜትር ጠጉር ያላት እናት የአንድ ዓመት ታሪኳን በራሷ ላይ ተሸክማ ትሄዳለች ማለት ነው። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ነገሩን በደስታ ተቀበሉት፤ ከ2005 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ብቻ ለዚሁ ጉዳይ ከ16,000 የሚበልጡ ሰዎች ጠጉር በዚያ ተመረመረ።

አሳሳቹ ነገር ይህ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ሁለት ዐይነት ምርመራ አለ። አንደኛው በፍጥነትና በርካሽ የሚፈጸም ማጣሪያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ደግሞ የተገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ልኩንም ጭምር ለይቶ የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው። የፊተኛው ወንፊት ነው፥ የኋለኛው ሚዛን። ላቦራቶሪው እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በወንፊት ያገኘውን እንደ ተመዘነ አድርጎ ለፍርድ ቤት ይልክ ነበር። ከውጭ በጢስ የመጣው ከውስጥ ከደም ከመጣው እንዲለይ ጠጉሩን ማጠብ ሲገባ፥ ይህንም አዘውትሮ አላደረገም። አልኮል ያለበት የጠጉር ማሳመሪያ እንኳ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ሠራተኞቹም ለፍርድ ማስረጃ የሚሆን ምርመራ እንዲሠሩ አልሠለጠኑም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ሳይታይ ኖረ? የሆስፒታሉ ስም ታላቅ ስለ ነበረ ዳኛውም ጠበቃውም ወረቀቱን እንደ መጣ ተቀበለው። እናቲቱ ጠጉሬን አልሰጥም ብትል እምቢታዋ እንደ እምነት ቃል ይቈጠርባታል፤ ብትሰጥም ወረቀቱ ይረታታል። ነገሩ የፈነዳው ለልጇ ኮካይን ሰጥታለች ተብላ የተፈረደባት አንዲት እናት ይግባኝ ብላ፥ በ2014 ዓ.ም. የኮካይኑ ፍርድ በተሻረላት ጊዜ ነው። ከዚያም የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሱዛን ላንግ ላቦራቶሪውን እንዲመረምሩ ተሾሙ፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍም ምርመራው የማይታመንና ለፍርድ የማይበቃ እንደ ነበረ አስታወቁ።

ቀጥሎ ዳኛ ጁዲት ቢማን የሚመሩት ኮሚሲዮን 1,271 መዝገቦችን አንድ በአንድ አገላበጠና በየካቲት 2018 ዓ.ም. ውጤቱን ገለጠ። በ56 መዝገቦች ውስጥ የጠጉሩ ምርመራ በፍርዱ ላይ ከባድ ተጽዕኖ እንዳደረገ ተገኘ። ከነዚህ 56 መዝገቦች መካከል ልጆች ወደ ወላጆቻቸው የተመለሱት በ4ቱ ብቻ ነው። በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ጉዲፈቻው ጸንቶ ይቀራል፤ ልጁም የያዙትን ሰዎች እናትና አባት ብሎ ለምዷል። በ2005 ዓ.ም. በ2 ዓመቱ ከእናቱ እጅ የተወሰደ ሕፃን፥ የኮሚሲዮኑ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት 15 ዓመት ሞልቶት ነበር።