አክቲቭ እና ፓሲቭ ቮይስ
አክቲቭ ቮይስ እና ፓሲቭ ቮይስ በእንግሊዝኛ ሰዋስው የግስና የባለቤት ግንኙነት የሚታወቅባቸው ሁለት የዓረፍተ ነገር ቅርጾች ናቸው። በአክቲቭ ቮይስ ባለቤቱ ድርጊቱን የሚፈጽም ሲሆን፣ በፓሲቭ ቮይስ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ነው። በአማርኛ አቻዎቻቸው አድራጊ እና ተደራጊ ወይም ገቢር እና ተገብሮ ይባላሉ። አድራጊና ተደራጊ በግዕዝ የግስ ትምህርት ከአምስቱ አዕማደ ግስ ውስጥ ይቆጠራሉ።

አሠራር

«እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ቆረቆሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ ተደራጊ ሲለወጥ «አዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ተቆረቆረች» ይሆናል። ከተማዋ ባለቤት ትሆናለች፣ «ን» ይወድቃል፣ ግሱ «ተ»ን፣ አድራጊዋ ደግሞ «በ»ን ይጨምራሉ። በእንግሊዝኛ «ጣይቱ ፋውንድድ አዲስ አበባ» የነበረው «አዲስ አበባ ዋዝ ፋውንድድ ባይ ጣይቱ» ይሆናል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ግሱን ራሱን ሲለውጥ እንግሊዝኛ ለብቻው የሚቆም ረዳት ግስ («ቢ») ያስገባና ዋናውን ግስ በሦስተኛው ቅርጹ (ፓስት ፓርቲሲፕል) ያስከትላል። ጊዜውን የሚያሳየው ረዳት ግሱ ብቻ ነው፦ «ኢዝ ቢልት» ይሠራል፣ «ዋዝ ቢልት» ተሠራ፣ «ሃዝ ቢን ቢልት» ተሠርቷል፣ «ኢዝ ቢኢንግ ቢልት» እየተሠራ ነው። «ቢልት» በሁሉም ውስጥ አይለወጥም። አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ረዳት ግሱን የሚዘለው በራሱ ቋንቋ አንድ ቃል ስለሚበቃው ነው።

«ተ» ያለው ሁሉ ተደራጊ አይደለም

ብዙ ስህተት የሚመጣው «ተ»ን ባየን ቁጥር «ዋዝ» ማስገባት ይገባል ከሚል ግምት ነው። «ተማረ»፣ «ተቀበለ» እና «ተናገረ» በ«ተ» ቢጀምሩም ባለቤታቸው አድራጊ ነው፤ በእንግሊዝኛም አክቲቭ ሆነው ይተረጎማሉ። «አደጋው ተከሰተ» ለማለት «ሃፐንድ» ይባላል እንጂ «ዋዝ ሃፐንድ» አይባልም። «ተወለደ» ግን «ዋዝ ቦርን» ስለሆነ ይገጥማል።

«ብርጭቆው ተሰበረ» ሁለት ትርጉም አለው። ወድቆ ከሆነ «ዘ ግላስ ብሮክ» ይበቃል፤ ሰው ሰብሮት ከሆነ «ዘ ግላስ ዋዝ ብሮክን» ይባላል። «በሩ ተከፈተ»ም እንደዚሁ ነው። አማርኛው ሁለቱን ስለማይለይ ተርጓሚው ከዐውዱ መወሰን አለበት።

በተቃራኒው «ተ» የማይታይበት ተደራጊም አለ። በ«ይሰበራል» ውስጥ «ተ» በ«ሰ» ተውጦ «ሰ»ን አጥብቆታል፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅን አያሳይም።

አቻ የሌለው ተደራጊ

አማርኛ ተሳቢ የማይወስድን ግስም ተደራጊ ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ የጠየቀ ሰው «ወደ ቀራንዮ በዚህ ይኬዳል» ሊባል ይችላል። ማን እንደሚሄድ አልተነገረም፣ ባለቤትም የለም። እንግሊዝኛ «ጎ»ን በዚህ መንገድ ፓሲቭ አያደርግም፤ «ዩ ጎ ዚስ ዌይ» ብሎ «አንተ»ን ባለቤት ያደርጋል። «እዚህ አይተኛም» የሚለውም በቀጥታ አይተረጎምም።

«ባይ» እና «ዊዝ»

የአማርኛው «በ» አድራጊንም መሣሪያንም ያመለክታል፦ «በአበበ ተቆረጠ»፣ «በቢላ ተቆረጠ»። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ባይ»፣ ለሁለተኛው «ዊዝ» ይጠቀማል። «ባይ ኤ ናይፍ» ከተባለ ቢላው ራሱ ተነሥቶ የቆረጠ ያስመስላል።

አጠቃቀም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛና በከፍተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ ተማሪው ፓሲቭን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። የኬሚስትሪ ሙከራ ዘገባ ውህዱን ማን እንዳሞቀው ሳይሆን ውህዱ ምን እንደተደረገ ስለሚገልጽ በፓሲቭ ይጻፋል፦ «ዋዝ ሂትድ»፣ «ዋዝ አዲድ»። ረዳት ግሱ ከወደቀ ውህዱ ራሱ አሞቂ ይሆናል።

በክፍል ውስጥ የሚዘወተረው ልምምድ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ መለወጥ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ባይ» ማስገባትን ያስለምዳል። በእውነተኛ ጽሑፍ ግን አብዛኛው ፓሲቭ «ባይ» የለውም፤ ቅርጹ የሚመረጠው አድራጊው ስለማይታወቅ፣ ስለማያስፈልግ ወይም እንዲታወቅ ስላልተፈለገ ነው። «ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል» የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የወሰነውን ሰው አይጠቅስም፤ አቤት ማለት የሚፈልግ ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ የጎደለውን ባለቤት ነው።